ሰው የማይኖርበትን ደሴት ስንጎበኝ

«ደሴት» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው በአእምሮው የሚሥለው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዙሪያውን ሰማያዊ ባሕር የከበበው፣ ዳርቻው ነጭ አሸዋ የሆነ፣ ፀሐይ የማይለየው ሞቃት ምድር ይታየዋል። በተለይም ያ ደሴት ሰው የማይኖርበት ከሆነ የጎብኚው ጉጉት ይጨምራል። ማንም ያልረገጠውን መሬት መርገጥ፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት እንደ ልብ መዋል፣ ለጥቂት ቀንም ቢሆን «የእኔ ነው» የሚሉት ምድር ማግኘት ብዙዎችን የሚስብ ምኞት ነው። ምኞቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ተሸሽጓል። ይኸውም «ሰው የማይኖርበት ቦታ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ቦታም ደንብ የለውም» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ መቃወምና ሰው የማይኖርበት ምድር ሰው ከሚኖርበት ይልቅ የጎብኚውን ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለላስታ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ላይ የሚገኙት ታዋቂ ደሴቶችም ገዳማት የተመሠረቱባቸውና ገበሬዎች የሚኖሩባቸው እንጂ ባዶ አይደሉም። በወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንኳ ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ሰው የማይኖርበት ደሴት ከእኛ ዘንድ ከየት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ከሁሉ ከፍ ብሎ ቆሟል። እርሱም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው።

ተራራ እንዴት ደሴት ሊባል ይችላል? ደሴትን ደሴት የሚያሰኘው የውኃው መኖር ብቻ ሳይሆን የምድሩ መነጠል ነው። በላዩ ለሚኖረው እንስሳ ወይም ለሚበቅለው ተክል ዙሪያውን የከበበው ነገር የማይሻገሩት ከሆነ፣ ያ ነገር ባሕር ቢሆን ወይም እርሻ ቢሆን ልዩነት የለውም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ቀጥሎም የገብስ ማሳ እያቋረጠ ይወጣል። በመጨረሻም ገብስ እንኳ ከብርድ የተነሣ ከማይበቅልበት ይደርሳል። አባቶቻችን ይህን ከደጋ በላይ ያለውን ምድር «ውርጭ» ብለው ሰይመውታል። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ በዚያ ላይ ቋሚ መንደር የለም። እረኛ ከመንጋው ጋር ይወጣል፤ ሲመሽም ይወርዳል። ተራራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12ኛው ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። ሙቀቱን ከፍታው ወሰደበት እንጂ በእውነቱ የሐሩር ክልል ደሴት ነው። ባሕሩም በሁሉም አቅጣጫ የከበበው የገብስ ማሳ ነው።

በዚህ ደሴት ላይ ከታች የማይገኝ ሕይወት አለ። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግለው የጓሳ ሣር ምድሩን ያለብሰዋል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሣሩ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ጅብራ ብዙ ዓመት ሲያድግ ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ጭላዳ በገደሉ ጠርዝ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ተራራ ልዩ የሚያደርገው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። በአገራችን በሙሉ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ቢቆጠሩ 500 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። እነዚህም በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ሳይሆኑ በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነው ይኖራሉ። የባሌው ቀበሮ ከወሎው ጋር አይገናኝም። በመካከላቸው ከተማ፣ መንገድ፣ እርሻና ቆላ አለ።

የመነጠል ጉዳት የሚታወቀው አደጋ በደረሰ ጊዜ ነው። በሰፊ አገር ላይ የሚኖር እንስሳ በአንድ አካባቢ ቢያልቅ ከጎረቤት አካባቢ መጥቶ ሊተካ ይችላል። በደሴት ላይ ግን ምትክ የሚመጣበት መንገድ የለም። በጎጃም የሚገኘው የጮቄ ተራራ ቀድሞ የራሱ ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለውም። ከየትም ተነሥቶ ወደ ጮቄ የሄደና ባዶውን የሞላ ሌላ ቀበሮ አልተገኘም። የአቡነ ዮሴፍ ቀበሮዎች ጥቂት ናቸው። እነርሱ ቢያልቁ የላስታ ልጅ ቀይ ቀበሮን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ይሆናል።

ጎብኚ በእንዲህ ያለ ቦታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስተምረናል። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ሞሪሸስ በአንድ ወቅት ሰው የማይኖርባት የሐሩር ክልል ደሴት ነበረች። በእርስዋም ላይ ዶዶ የሚባል ትልቅ ወፍ ይኖር ነበር። ይህ ወፍ የሚያሳድደው ጠላት ስላልነበረው መብረርን ትቶ በምድር ላይ ይሄድ፣ እንቁላሉንም በመሬት ላይ ይጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1598 የሆላንድ መርከበኞች ደሴቲቱን ያዙ። ወፉን አደኑት። ከአደኑ ይልቅ የከፋው ግን ከመርከቡ የወረዱት አይጦች፣ አሳማዎችና ዝንጀሮዎች እንቁላሉን መብላታቸው ነው። ዶዶን በሕይወት ስለማየት በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው የመጨረሻ ምስክርነት የ1662 ነው። በሰባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ የፍጥረት ዘር ከምድር ገጽ ጠፋ። መርከበኞቹ ዶዶን ለማጥፋት አስበው አልመጡም። ዘሩ የጠፋው በዕቅድ ሳይሆን አብረዋቸው የመጡትን ነገሮች ባለማሰባቸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዘመናችን የተወሰደ ነው። በታይላንድ የምትገኘው ፊፊ ሌ የተባለች ትንሽ ደሴት ነዋሪ የላትም። ማያ የሚባለው የባሕር ወሽመጥዋ በአንድ ታዋቂ ፊልም ላይ ከታየ በኋላ ግን በቀን እስከ 5,000 የሚደርስ ጎብኚ ይጎርፍባት ጀመር። የጀልባዎቹ መልሕቅና የሰው ብዛት በባሕሩ ወለል ላይ ያለውን የዛጎል ድንጋይ አጠፋው። በመጨረሻም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ወሽመጡን ዘጋው። ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በጥር 2022፣ ሲከፈት ጀልባ ወደ ወሽመጡ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የጎብኚውም ቁጥር ተወሰነ። በተዘጋበት ጊዜ ሸሽተው የነበሩት ትንንሽ ሻርኮች ተመልሰው ታይተዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያስደንቃል። በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የሄንደርሰን ደሴት ከታላላቅ የሰው መኖሪያዎች ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በዳርቻዋ ላይ 37.7 ሚሊዮን ገደማ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ እንዳለ ገምቷል። ቁርጥራጩን ያመጣው የባሕር ማዕበል ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ወደ ደሴቲቱ ያልሄደ ሰው እንኳ በሌላ አገር የጣለው ቆሻሻ ሊጎዳት መቻሉን ነው።

ወደ ላስታ እንመለስ። ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣ ጎብኚ መርከብም መልሕቅም የለውም። ነገር ግን ከእርሱ ጋር የሚወጡ ነገሮች አሉ። ከእነዚህም ዋናው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን እያደነ ቢውልም ከቤተሰቡ ጋር በመንጋ ስለሚኖር፣ አንዱ ከታመመ በሽታው መንጋውን ሁሉ ያዳርሳል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ይኸው በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ባሌ የቀበሮው ቁጥር ከሁሉም የበዛበት ስለሆነ ከጉዳቱ ሊያገግም ችሏል። ጥቂት ቀበሮ ብቻ ባለበት በወሎ ግን እንዲህ ያለ አንድ ወረርሽኝ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። አንድ ሰው የጣለው ፌስታል ወይም የውኃ ፕላስቲክ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን በብርድ አገር ቆሻሻ ቶሎ አይበሰብስም። ለአንድ ሌሊት ብርድ የተቆረጠ አስታ እንደገና ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ለጨዋታ ተብሎ የተገነደሰ ጅብራ ዘሩን ሳይጥል ይሞታል። ሣር በል የሆነው ጭላዳ ዳቦ መቀበል ከለመደ ወደ ሰው መቅረብና ማሳ መዝረፍ ይጀምራል፤ በዚህም ከገበሬው ጋር ይጣላል።

ይህን የሚያነብ ሰው «እንዲህ ከሆነ ተራራው ለጎብኚ ጨርሶ ቢዘጋ አይሻልም?» ሊል ይችላል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም አልስማማበትም። በመጀመሪያ ሰው ያላየውን ነገር አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም። ሁለተኛም ተራራው ቢዘጋ የሚቀረው እንግዳው ብቻ ነው። ማረሻው አይቀርም። የገብሱ ማሳ በየዘመኑ ሽቅብ እየወጣ ደሴቱን ያጠበዋል። ጎብኚ ቢቀር ለተራራው የሚከራከርለት ሰው ይቀንሳል እንጂ ተራራው አይድንም።

ከዚህ በተቃራኒው «ሰው እየተራበ ለቀበሮ መሬት መተው ምን ይባላል?» የሚሉም አሉ። ይህ ጥያቄ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ላስታ ነው። ገበሬው ሽቅብ የሚያርሰው የታችኛው መሬቱ ስለ ጠበበውና ስለ ሳሳበት እንጂ ተፈጥሮን ስለ ጠላ አይደለም። ነገር ግን በውርጭ ምድር የተዘራ ገብስ አንድ ዓመት ቢያፈራ በሌላው ዓመት በብርድ ይመታል። በተዳፋት ላይ የታረሰ አፈርም በክረምት ጎርፍ ይወሰዳል። ሣር የለበሰ ተራራ ግን የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጮቹ ይለቀዋል። የተከዜ ወንዝ መነሻ የላስታ ተራሮች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ ግልገል ቢወስድ እንኳ ዋና ምግቡ የገበሬው ጠላት የሆነው አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ጫፉን መጠበቅ ከእግሩ ሥር ያለውን ገበሬ መጠበቅ ነው እንጂ ከገበሬው አፍ ነጥቆ ለአውሬ መስጠት አይደለም።

እንዲህ ያለው ጥበቃ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ምድር «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ይጠብቅ ነበር። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያም ሽማግሌዎች በወሰኑት ቀን ተከፍቶ ሁሉም በደንቡ መሠረት ያጭዳል። ጓሳ ሰው የማይኖርበት ምድር ነበር፤ ባለቤት ግን ነበረው። ሥርዐቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም፣ የአካባቢው ሕዝብ ኋላ በአዲስ መልክ ደንብ አውጥቶና ጠባቂ አቁሞ ቦታውን ለመጠበቅ በቅቷል። አቡነ ዮሴፍም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ ተከልሏል። ስለዚህ ባለቤቱ ታውቋል። የቀረው እንግዳው የባለቤቱን ደንብ ማክበሩ ነው።

በእኔ አስተያየት ደንቡ አምስት ነገሮችን መያዝ አለበት። አንደኛ፣ ማንም ጎብኚ ያለ አካባቢው መሪ እንዳይወጣ፣ በአንድ ቀን የሚወጣውም ቁጥር እንዲወሰን ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጎብኚ ውሻ ይዞ መውጣት የለበትም። በተራራው ግርጌ ያሉ መንደሮች ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት እንዲያገኙ መደረግ አለበት። ሦስተኛ፣ ወደ ላይ የወጣ ዕቃ ሁሉ ወደ ታች ይመለስ፤ ለማገዶም ከተራራው አንዲት እንጨት አትቆረጥ። አራተኛ፣ ቀይ ቀበሮ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሚወልድ፣ በዚያ ጊዜ ወደ ጉድጓዶቹ አካባቢ መቅረብ ይከልከል። ይህ አራተኛው በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ምክንያቱም ላሊበላ ለገና በእንግዳ የምትጥለቀለቀው ያው ወራት ሲያልቅ ነው። አምስተኛ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ የግጦሽ መሬታቸውን ለጥበቃ ለተዉት ገበሬዎች ይድረስ፤ ሒሳቡም በሕዝብ ፊት ይነበብ። የመጨረሻው ካልተፈጸመ የቀሩት አራቱ ደንቦች በወረቀት ላይ ይቀራሉ። ምክንያቱም ከጥበቃው ያልተጠቀመ ጎረቤት ጠባቂ ሊሆን አይችልም።

ይህን ለማሰብ ከአሁን የተሻለ ጊዜ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሣው የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከዚያም በ2021 ወደ ላስታ የደረሰው ጦርነት የላሊበላን ጎብኚ አሳጥቷል። በዚህም የአስጎብኚው፣ የባለሆቴሉና የበቅሎ አከራዩ ኑሮ ተጎድቷል። ጎብኚው እንዲመለስ ሁሉም ይመኛል፤ ምኞቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ሰላም ሲጸናና እንግዳው በብዛት ሲመለስ ደንብ ለማውጣት መሯሯጥ፣ ታይላንዶች እንዳደረጉት ከጉዳት በኋላ በር መዝጋት ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለዚህ ጊዜ የሚስማማ ነው።

የላሊበላ ሰው ስለ ጉብኝት ሥርዐት ከሌላ አገር የሚማረው ብዙ የለውም። ከቤተ ጊዮርጊስ ደጃፍ የደረሰ እንግዳ፣ ከየትኛውም አገር ቢመጣ፣ ጫማውን ያወልቃል። ዓለቱ የተፈለፈለው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ የፈለፈሉት ሰዎች ዛሬ የሉም። እንግዳው ግን «ባለቤቱ የለምና እንደ ልቤ ልሁን» አይልም። ቦታው የተከበረው ስለሚጠብቁትና ደንቡን ለልጆቻቸው ስላስተላለፉ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደጃፍ የለውም፤ ጫማ አውልቁ የሚል ዘበኛም አልቆመበትም። የጎብኚው ጨዋነት በእውነት የሚታወቀው ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዘበኛ ባለበት ደንብ ማክበር ቀላል ነው፤ ማንም በማያይበት ማክበር ግን የራስ ሕሊና ይጠይቃል።

ወደፊት ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ተራራው ለመውጣት ስትነሡ፣ ማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ የምታዩትንም መዝግቡ። ሣሩ ከየት እንደሚጀምር፣ የገብሱ ማሳ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ቀበሮ በየት በኩል እንደ ታየ ጻፉ። በየዓመቱ የሚጻፍ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለተራራው ጠባቂዎች የሚጠቅም ማስረጃ ይሆናል። ሰው የማይኖርበት ደሴት የሚናገርለት ነዋሪ የለውም። ስለዚህ አይቶት የተመለሰ ሁሉ ምስክሩ የመሆን ግዴታ አለበት።